የዓኢሻ ልጅ አልሞተም

ዶክተር ደባልቄ ዓለምን ወደ አሶሳ ሊያመጣ ቆርጦ ተነሣ። መነሣቱ ደግ ነበር። ችግሩ ዓለም ቀድሞት መምጣቱ ነው። ከሱዳን በኩርሙክ በኩል፣ በእግሩ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ልጁን አዝሎ ገብቶ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሸራ ሥር ከተቀመጠ ሰንብቷል። ዶክተሩ ግን ዓለምን የሚጠብቀው በአውሮፕላን ስለነበር አላየውም።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ እንነጋገር። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ፣ ሚስቱንና አንዲት ሴት ልጁን ደብረ ማርቆስ ትቶ፣ ሙቀቱን ችሎ፣ የዩኒቨርሲቲውን የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ክፍል ከባዶ ያቆመ ታታሪ ነው። መንገዱ አላስተማምን ካለ ወዲህ ልጁን በዓይኑ ካያት ቆይቷል። ስትደውልለት ከክፍልም ቢሆን ወጥቶ ያነሣል፤ ያኔ ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ ተማሪው ሁሉ ያውቃል። መብራት በጠፋ ቁጥር እየተራገመ፣ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እየጻፈ፣ ከባሕር ማዶ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ትብብር አገኘ። በዚያ ትብብር አዲስ ኮርስ መጣ፤ «ዓለም አቀፍ እይታ በማኅበራዊ ሥራ» ይባላል። ኮርሱ ከነስላይዱ፣ ከነመልመጃው፣ ከነፈተና መስፈርቱ ተሰፍቶ አልቆ ነው የደረሰው። ልኩ ያልሆነለት ሰው ልብሱን ሳይሆን ገላውን ያስተካክል ዓይነት ነገር ነበር።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዶክተሩ የዓለምን ካርታ ግድግዳው ላይ አብርቶ፣ ከአገር ወጥቶ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንድ እጅ ተነሣ፤ የሪም። የት ሄደሽ ታውቂያለሽ ቢላት፣ አክስቴ ቤት አለችው። ክፍሉ ሳቀ። ዶክተሩም ሳቀና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። ሪም ግን አልቀለደችም። የእነሪም መንደር ድንበሩ ላይ ነው፤ እናቷ ከጓሮ ያባረረቻት ፍየል ሱዳን ገብታ ነው የምትቆመው። የእናቷ ታላቅ እህት ማዶ ተድራ፣ እዚያው ወልዳ ከብዳለች። ሠርግም ለቅሶም ሲሆን ተሻግረው ይሄዳሉ፤ ይህ ዓለም አቀፍ ነው ብሎ የነገራቸው ሰው የለም።

ሪም የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ የበርታ ልጅ ናት። ነገር አይዋጥላትም። አራት ቋንቋ ትችላለች፤ ስትናደድ ግን አማርኛዋ ወንድና ሴት መለየቱን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ጓደኞቿ የቁጣዋን ልክ የሚያውቁት በዚያ ነው።

ለመስክ ልምምድ የተመደበችው ስደተኞቹ መጠለያ ነበር። ዓኢሻን ያገኘቻት እዚያ ነው። ዓኢሻ ከሱዳን፣ ከዳማዚን አካባቢ የመጣች እናት ናት። ተኩሱ ሲበረታ ከጎረምሳ ልጇ ጋር ወጡ፤ መንገድ ላይ ሰው ለጭነት መኪና ሲሻማ ተለያዩ። እሷ ደረሰች፤ እሱ አልደረሰም። ከውኃ ቦኖው አጠገብ የተሻለ ማረፊያ ቢሰጧት እምቢ አለች። መኪና አዲስ መጤ ሲያራግፍ ልጇ መጀመሪያ የሚያየው እሷን እንዲሆን፣ አቧራና ጩኸት ካለበት ከበሩ አጠገብ አልነሣም ብላ ተቀምጣለች። ሪም «ኻልቲ» ትላታለች፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

እንደ ዓኢሻ ልጅ ያለውን ሰው በእነሪም መንደር «ጋይብ» ይሉታል፤ ርቆ የቀረ፣ ያልተመለሰ ማለት ነው። ለጋይብ አይለቀስለትም። ሞተ ማለት ነውር ነው። አንድ ሰው አፉ ስቶት እንኳ ሞተ ቢል፣ የሰማ ሁሉ እጁን ዘርግቶ፣ ይመለስ ዘንድ ለምኖ፣ አሚን ሳይል ከዚያ ቦታ አይነቃነቅም። የሪም አጎት ወርቅ ፍለጋ ወጥቶ ጠፍቶ፣ መንደሩ ሁሉ ተስፋ ቆርጦበት ሳለ፣ አያቷ ብቻ ጋይብ ነው እንዳሉ ስንት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን አጎትየው ፂሙ ሸብቶ፣ ፍየል እየጎተተ መጣና የሚበላ ነገር የለም ወይ አለ። ሪም ይህን በዓይኗ አይታለች። በጋይብ ነገር ከእሷ ጋር መከራከር ውኃ መውቀጥ ነው።

ማንጎው ረግፎ ግቢውን በሚያሸትትበት ወራት የባሕር ማዶዎቹ እንግዶች መጡ። አንዲት ተማሪ ባለጉዳይን በዓለም አቀፉ መስፈርት ስታነጋግር በአዳራሽ ይታያል ተባለና ሪም ተመረጠች። ይኸው ማሳያ የመስክ ልምምዷ ማጠቃለያ ፈተና ሆኖ ይያዝላታል። ከወደቀች ሰኔ ላይ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ባለጉዳይ ሆና እንድትቀርብ ዓኢሻን የለመነቻት ሪም ራሷ ናት። ስለሚያፈሰው ሸራዋ ልታወራ ተስማሙ፤ ስለ ሸራዋማ ዓኢሻ ሳይጠይቋትም ታወራለች።

በዕለቱ ጠዋት ግን ዶክተሩ ሐሳቡን ለወጠ። ሸራ ለእንግዳ አይመጥንም፣ ሐዘን ይሁን አለ፤ መስፈርቱ ላይ ሰፊውን ቦታ የያዘው ሐዘንተኛን ማነጋገር ነዋ። ባለጉዳይዋ የምትለውን በካርድ ጽፎ ለሚፍታህ ሰጠው። ሚፍታህ የሪም የክፍል ጓደኛ፣ የአገሯም ልጅ ነው። ለዓኢሻ ተርጉመህ አስጠናት ሲባል የዶክተር ትእዛዝ ሆነበትና አንገቱን ደፍቶ አስጠናት። ሪም በዚያን ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ትደረድራለች፤ የነገራት የለም። ዓኢሻም እሺ አለች። በሰው አገር፣ በሰው ሸራ ሥር ተቀምጦ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መብራት ጠፋና ማራገቢያው ቆመ፤ ዝንብ ሲበር ይሰማል። እንግዳዋ ፕሮፌሰር፣ ጠጉራቸው የነጣ ሴትዮ፣ ከፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የሪም አማካሪ መምህርት እስከዳር ሆና ታስተረጉማለች። ሪም ስሟን ተናገረች፤ የመጣችበትን አስረዳች፤ ፈቃድ ጠየቀች፤ በመስፈርቱ እንደታዘዘችው ዓኢሻን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ዶክተር ደባልቄ በየነጥቡ ምልክት ያደርጋል፤ ፊቱ ፈክቷል። ቀጥላ ምን እንዳጋጠማት ዓኢሻን ጠየቀቻት።

«ልጄ ሞቷል» አለች ዓኢሻ፣ ጉልበቷን ጨብጣ።

በመስፈርቱ መሠረት ቀጣዩ ጥያቄ ሐዘንሽ ከአንድ እስከ አሥር ቢለካ ስንት ይሆናል የሚል ነበር። ሪም አልጠየቀችም። ዓኢሻ ከአፏ የወጣውን አሁን ገና የሰማችው ይመስል ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየች። ተነሣች፣ ጠረጴዛውን ዞረች፣ ወለሉ ላይ ከዓኢሻ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ኻልቲ፣ አልሞተም። ጋይብ ነው። ቃልሽን መልሺው» አለቻት በቋንቋቸው።

እጇን ዘረጋች። ልጁን በስሙ ጠርታ፣ ከነሕይወቱ እንዲመጣ ጮክ ብላ ለመነች። መጀመሪያ አሚን ያለው ሚፍታህ ነው። ከዚያ የኋላው ረድፍ አለ፤ ከዚያ የመሃሉ። በሩ ላይ የነበሩት ጽዳት ሠራተኞች መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው አሚን አሉ። ክርስቲያኖቹ ተማሪዎች ቋንቋው ባይገባቸውም ልመና መሆኑ ገባቸውና አሜን አሉ። ዓኢሻ አለቀሰች፤ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገችና እሷም አሚን አለች። ሪም ልቧ በቁጣም በፍቅርም እየነደደ ያን ሁሉ የተዘረጋ እጅ አየች፤ በዩኒቨርሲቲው ቆይታዋ እንደዚያ ቀን የኮራችበት ቀን የለም። ዶክተር ደባልቄ ብቻ እስክሪብቶውን ይዞ ሰዓቱን ያያል።

ፕሮፌሰሯ ምን እየተባለ ነው ብለው ወደ እስከዳር ዞሩ። እስከዳር አፏን ሳትከፍት ዶክተሩ ጣልቃ ገብቶ ትንሽ የቴክኒክ ችግር ነው አላቸው። ሴትዮዋ አላመኑትም፤ ወጥተው እስኪሄዱ ዓይናቸው ዓኢሻ ላይ ነበር። ስንት ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሰው ለማወቅ ሲጓጓ፣ ዓባይን ተሻግሮ የመጣው ሸፈነው። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ።

እንግዶቹ በሄዱ ማግሥት ሪም ቢሮ ተጠራች። ዶክተሩ በሰው ፊት እንዳዋረደችው ነገራት። ሙያዊ ርቀት አልጠበቅሽም፣ ጸሎትና ፈተና ቀላቀልሽ፣ ሰዓት ፈጀሽ፣ በመስፈርቱ ወድቀሻል አላት። ደግሞም ሆዱ አልጨከነምና አንድ በር ከፈተላት፤ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፋ በዚያው ጉዳይ ድጋሚ ብትፈተን ሰኔ አያመልጣትም። እምቢ ካለች ዓመቱን ትደግማለች።

«ይቅርታ አልጽፍም፣ ዶክተር» አለች ሪም። «ይቅርታ የሚጠየቅ ዓኢሻ ነው። እሱ እናት ነው። ልጁን ሞተ በል አላችሁት።»

ጥግ የተቀመጠችው እስከዳር አማርኛውን ስትሰማ ነገሩ የት እንደደረሰ ገባት።

«ትወና እኮ ነው፣ ሪም» አለ ዶክተሩ። «በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው።»

«ዓኢሻ ከዓለም ውጪ ነው?»

ዶክተሩ የመስፈርቱን ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። መስፈርቱ ከአገር አገር እንደማይለዋወጥ፣ ዓለም አቀፍ የተባለውም ለዚሁ እንደሆነ ነገራት። ሪም ዓለም አቀፍ ከሆነማ ከሁሉ አገር ይዋጣ እንጂ አለች፤ ከእኛ ምን ገባበት? ጋይብ የሚባል ሰው እንዳለ የሚያውቀው ስላይድ የትኛው ነው? ድጋሚ ልፈተን፣ ፈተና አልፈራም፣ ደብዳቤ ግን ከእኔ አትጠብቁ ብላ፣ እጅ ነሥታ ወጣች። እጅ መንሣቷን አልተወችም፤ አስተዳደጓ ነው።

እስከዳር ኮሪደሩ ላይ ሮጣ ደረሰችባት። አንቺ ልጅ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ አትበይ፣ ሁለት መስመር ጽፈሽ ተመረቂና ከዚያ በኋላ ከፈለግሽው ጋር ተጣዪ አለቻት። እስከዳር ለሪም ታስባለች፤ ግን ቋሚ ቅጥሯ ገና አልጸደቀም፣ የሚያጸድቀውም ዶክተሩ ነው።

«መምህርት፣ ያን ቀን አሚን ብለዋል ወይስ አላሉም?» አለቻት ሪም።

እስከዳር አንገቷን አቀርቅራ በልቧ ማለቷን ነገረቻት።

«እንግዲያው እርስዎም ይቅርታ ይጻፉ።»

ይህን ብላ ሄደች እንጂ ሪም አልፈራችም ማለት አይደለም። ማንጎው ሥር ብቻዋን ስትቀመጥ ፈራች። እናቷ ወንዝ ውስጥ ጎንበስ ብላ ወርቅ እያጠበች ነው ያስተማረቻት፤ ለሰኔ የምትለብሰውን ቶብ ገና ከአሁኑ አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣለች። ለዚያች ሴት ወደቅሁ ብሎ መደወል ምን ማለት እንደሆነ ሪም አሰበችው። ደብዳቤውን ልጻፈው ይሆን አለች። ከዚያ ዓኢሻ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊቱን ስታይ ታየቻትና ተነሥታ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። መስፈርቱን ከራስጌ እስከ ግርጌ በቃሏ ያዘችው። እንዳላወቀች አድርገው እንዲጥሏት አልፈለገችም።

ዶክተሩ የደብዳቤውን ነገር ለጊዜው አቆየውና የድጋሚ ፈተናውን ቀን ቆረጠ። ጉዳዩ ያው ይሆናል፤ ካርዱም ያው። አሁን የጠፋው ባለጉዳይ ነው። ወሬው መጠለያው ደርሶ ኖሮ፣ ለዶክተሩ ልጄ ሞቷል የሚልለት አንድ ሰው አልተገኘም። ሚፍታህን ቢጠይቁት ሆዱን አመመው። ሌላ ተማሪ ቢጠይቁ እሱንም ሆዱን አመመው። ያን ሳምንት የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ሆድ እንደ ተላላፊ በሽታ ታመመ።

«ተዉት፤ እኔው ባለጉዳይ እሆናለሁ» አለ ዶክተር ደባልቄ ተናዶ። «ሰበብ ልጨርስላት።»

ፈተናው ከሰዓት በኋላ በጠባቧ የውይይት ክፍል ሆነ። ነጥብ የምትይዘው እስከዳር ናት። ሪም በሩን አልዘጋችውም፤ ሚፍታህና ጓደኞቹ ከደጅ ቆመዋል። ዶክተሩ ባለጉዳይ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ካርዱን ያዘ። ሪም ስሟን ተናገረች። ዓላማዋን አስረዳች። ፈቃድ ጠየቀች። ዓይኑን ዓይኑን አየችው። አንዲት ነጥብ አልዘለለችም፤ እስከዳር ምልክት ስታደርግ እስክሪብቶዋ አላረፈም። ዶክተሩ አሸነፍኩ ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈ።

ከዚያ ሪም ምን እንዳጋጠመው ጠየቀችው።

«ልጄ…» አለ ዶክተሩ።  ካርዱን እንደገና አየው፤ የጻፈው በገዛ እጁ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ በርቶ ጠፋ፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ ሴት ልጅ ፈገግ ብላ ታየችና ጨለመች።

ሪም ወደ ካርዱ አየች።

«እንበልና አንድ ሰው ልጁ…»

«ካርዱ ላይ እንበል የሚል የለም፣ ዶክተር።» ቁጣ አልነበረባትም፤ አማርኛዋ ፍጹም ልክ ነበር። «ልጄ ሞቷል ነው የሚለው። ሴት ከሆነች ሞታለች ይበሉ።»

 ዶክተር ደባልቄ አፉን ከፈተ። እናቱ ይህን ቃል ከአፉ ቢሰሙት ምን ያሟርትሃል ብለው ቤቱን በጩኸት እንደሚያናጉት ያውቃል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቃሉ የሰው ስለነበር ቀልሎት ነበር። አሁን ምላሱ ላይ መጥቶ ተቀምጦ አልወጣም አለው። ወደ እስከዳር ዞረ፤ እስከዳር ዓይኗን አልሰበረችም።

ካርዱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይሄን አልልም» አለ ቀስ ብሎ።

«ዓኢሻ ግን ብላዋለች» አለች ሪም።

እስከዳር የፈተናውን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበች። ማንንም ሳትጠይቅ «አልፋለች» ብላ ጻፈችበት፤ ስሟን አኖረች፤ ፈረመች።  ዶክተሩ እያየ አልከለከላትም።

ደጅ ያሉት ልጆች ሹክሹክታ ጀመሩ፤ ሚፍታህ የሪምን ስም ሲጠራ ተሰማ። ሪም ግን አልተነሣችም። ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ደስታ ገና አልመጣላትም፤ ነገሩ መች አለቀና። ለራሷ ውጤት ብቻ ቢሆንማ ያን ሁለት መስመር ጽፋ በተገላገለች።

«ዶክተር፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ጽዳቶቹ እንኳ አሚን ብለዋል» አለችው። «ሳይሉ የወጡት እርስዎ ነዎት። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ከቀረ ቃሉ አልተመለሰም ማለት ነው። ዓኢሻ ይሄን ታውቃለች። እያወቀች ነው እዚያ በር ላይ የምትቀመጠው።»

ዶክተር ደባልቄ ስልኩን አነሣ፤ ለመደወል መሰላቸው፤ ግን ኪሱ ከተተው። ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ። ልጆቹ መንገድ ለቀቁለት። መቃኑን ይዞ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ ወደ መጠለያው የሚሄደው ሰርቪስ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠየቀ።

«ሁለት ሰዓት ላይ» አለች ሪም። «ዶክተርንም አይጠብቅም።»